የዓድዋ ልብስ ሲሰፋ

ጥር ካለፈ በኋላ በፒያሳ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ የትእዛዙ ዓይነት ይለወጣል። የሚዜና የሙሽራ ልብስ ይቀንስና «የዓድዋ» የሚባለው ይበዛል። ደንበኛው የሚጠይቀው በማዕረግ ነው። «የራስ አለ?» «የደጃዝማች ስንት ነው?» «የፊታውራሪ ገበየሁን ዓይነት ፈልጌ ነበር።» የተራ ወታደር ልብስ ስፉልኝ ያለ ሰው ገጥሟቸው እንደሆነ አንዱን አዛውንት ልብስ ሰፊ ጠየቅኋቸው። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክተው አሰቡ። «የለም» አሉ። «ቢመጣስ ምን እሰፋለታለሁ ልጄ?»

*

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ዓድዋ ላይ የተሰለፈውን የኢትዮጵያ ጦር የታሪክ ጸሐፊዎች ወደ 100 ሺህ ይገምቱታል። አብዛኛው ስንቁን ከቤቱ ይዞ የወጣ ገበሬ ነው። የጥጥ እጀ ጠባብ፣ የጥጥ ሱሪ፣ ላዩ ላይ ሸማ፣ ወገቡ ላይ ድግ። ወርቅ የተጠለፈበት ካባና ለምድ የመኳንንቱና ከንጉሥ እጅ የተሸለሙ ሰዎች ልብስ ነበር። ዛሬ በምኒልክ አደባባይ የሚታየው ተቃራኒው ነው። አደባባዩ በራሶች ተሞልቷል። ገበሬው ጠፍቷል።

*

ከካባው በታች ስኒከር። ከለምዱ በታች የቆዳ ቡትስ። ያኔ ጫማ ያደረገው ጥቂት ነው፤ ሠራዊቱ ያን ሁሉ ተራራ የወጣው በባዶ እግሩ ነው። አንድ ወጣት ልብሱ «መቶ በመቶ እንደ ጥንቱ» መሆኑን አስረዳኝ። ጥልፉን አሳየኝ፤ ጋሻውን አሳየኝ። ስለ እግሩ ስጠይቀው ፊቱ ተለወጠ። «አባቶቼን ደሃ አድርጌ ላሳያቸው?» አለ።

*

ሴቶቹ በሙሉ ጣይቱን ይለብሳሉ። ጥቁር ካባ፣ ነጭ ሻሽ፣ የወርቅ መርገፍ። እቴጌይቱ ይገባቸዋል፤ የመቀሌው የጣሊያን ምሽግ ውኃ እንዲያዝ ያደረጉ፣ የራሳቸውን ጦር ይዘው የዘመቱ ናቸው። ግን አብረዋቸው የዘመቱት ሴቶች እህል የፈጩ፣ እንጀራ የጋገሩ፣ ውኃ የተሸከሙ፣ ቁስለኛ ያነሱ ናቸው። አንዲት ደንበኛ ካባዋን እየለካች ቅድመ አያቷ ዓድዋ እንደዘመቱ ነገረችን። «ምን ሆነው ዘመቱ እትዬ?» አልኳት። «ስንቅ ያዘጋጁ ነበር ይላሉ።» ድምፅዋ በኩራት የተሞላ ነበር። ሰፋ ያለ የጥጥ ቀሚስና መቀነት፣ ጀርባ ላይ እንስራ። ይህን ልብስ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ፒያሳ ውስጥ አላገኘሁም። ያዘዘም ሰው አልሰማሁም።

*

የዘመኑ ፎቶግራፎች ጥቁርና ነጭ ናቸው። ጃኖ ቀይ ጥለት ያለው ሸማ ነው። በፎቶግራፍ ቀዩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ደንበኛው ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ያሳያል፤ ልብስ ሰፊው ያየውን ይሰፋል። በዚህ ምክንያት በአደባባዩ ላይ ጥለቱ ጥቁር የሆነ ጃኖ ለብሰው የሚሄዱ ሰዎች አሉ። የፎቶግራፉን ጉድለት ለብሰውታል።

*

የምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም፣ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በፊት ባሉት ቀናት ተመረቀ። ፋሽስቶች አፍርሰው ቀበሩት፤ ከድል በኋላ ተቆፍሮ ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። በፈረስ ላይ ያሉት ንጉሥ የነገሡበትን ልብስ ለብሰው አክሊል ደፍተዋል። ልብስ ሰፊው ጋ ሄደው «ልክ እንደዚህ» ብለው የሐውልቱን ፎቶ የሚያሳዩ ብዙ ናቸው። ያ የዘውድ በዓል ልብስ ነው። ምኒልክ የነገሡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም እንጦጦ ማርያም ነው፤ ዓድዋ የመጣው ከስድስት ዓመት በኋላ። በብዙ ፎቶግራፎች ላይ ደግሞ ራሳቸውን በነጭ ሻሽ አስረው ከላይ ክፈፉ ሰፊ የሆነ ባርኔጣ አድርገዋል። ባርኔጣውን የሚያደርግ ሰው በአደባባዩ ላይ እምብዛም ነው። የባዕድ ይመስላል ይላሉ።

*

የባዕድ ነገር ከተነሳ። «ጨርቁ የሀገር ውስጥ ብቻ ይሁን» የሚል ደንበኛ አለ፤ ሐሳቡ የሚከበር ነው። ነገር ግን የመኳንንቱ ከፋይና ሐር ያኔም ከባሕር ማዶ በነጋዴ የሚመጣ ነበር። አቡጀዲ ከአሜሪካ ፋብሪካ ተነስቶ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩል የሚገባ ጨርቅ ነው። ለጥለት የሚሆን ባለቀለም ክር ለማግኘት ከውጭ የመጣ ጨርቅ እየተተረተረ ይሸመን እንደነበር የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል። የሀገር ውስጥ የሆነው ጥጡ፣ ፈትሉና ሽመናው ነው። ያ ደግሞ የገበሬው ልብስ ነው። የሀገር ውስጥ ብቻ የሚለው ደንበኛ ያዘዘው የከፋይ ካባ ነው።

*

ጎፈር። ከአንበሳ ጋማ የተሠራ የራስ ልብስ። አንበሳ የገደለ ወይም በጦር ሜዳ ስሙ የተነሳ ሰው ያደርገው ነበር። ዛሬ ከሰው ሠራሽ ጠጉር ይሠራል፤ ለአንበሳውም ለሀገሩም ይሻላል። ችግሩ ቅርጹ ነው። አብዛኛው እንደ ሴት ሰው ሠራሽ ጸጉር ወደ ትከሻ ይወርዳል። እውነተኛው ወደ ላይና ወደ ጎን የቆመ፣ ግንባር ላይ የከበደ ነው። ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም፣ ጎፈሮች ከጎራዴዎች ጋር ተቀምጠዋል። ጎፈር የሚሸጠው ሰው ሱቅ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ ነው። ገብተህ አይተኸው ታውቃለህ? አልኩት። «ለመሳለም እገባለሁ» አለ።

*

የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ራሱ የዓድዋ መታሰቢያ ነው። ታቦቱ ከጦሩ ጋር ዘምቷል፤ ሕንጻው ሲሠራ የዓድዋ ምርኮኞች እንደሠሩበት ይነገራል። ፋሽስቶች በ1929 ዓ.ም አቃጥለውት ነበር። ንግሥት ዘውዲቱና አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያ ዘውድ ጭነዋል፤ በዚያን ዕለት የለበሱት ልብስ በሙዚየሙ አለ። አራዳ ውስጥ በልክና በስፌት ሊጠና የሚችል የነገሥታት ልብስ ካለ እዚያ ነው።

*

አንድ ልብስ፣ ሁለት ጦርነት፣ ሦስት በዓል። የካቲት 12 ስድስት ኪሎ፣ የካቲት 23 ምኒልክ አደባባይ፣ ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ። ብዙ ሰው ለሦስቱም አንዱኑ ይለብሳል። የ1928ቱ አርበኛ ካኪ ኮትና ተነፋነፍ ሱሪ ነበረው፤ ደረቱ ላይ ያለው ሜዳይ ከ1933 ድል በኋላ በአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የተሰጠ ነው። ይህ ሁሉ ዓድዋ ላይ ይለበሳል። ዓድዋ ሲሆን የኋላው አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ልጅ ተፈሪ፣ ገና አራት ዓመት አልሞላቸውም።

*

የትምህርት ቤት ተማሪዎች የዓድዋን ድል በተውኔት ያሳያሉ። ጣሊያኑን የሚጫወተው ልጅ ጥቁር ሸሚዝ ይለብሳል። ጥቁር ሸሚዝ የሙሶሊኒ ሰዎች ልብስ ነው። በዓድዋ ቀን ሙሶሊኒ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ልጆቹ ይህን አላወቁም ብዬ አልወቅሳቸውም። ልብሱን ያሰፋው መምህር ግን የታሪክ መምህር ነበር።

*

ማንም የማይሰፋው ልብስ አለ። ቀይ ታርቡሽ፣ ነጭ ልብስ፣ በየሻለቃው ቀለሙ የሚለያይ መቀነት። ለኢጣሊያ የተሰለፉት የኤርትራ አስካሪዎች ልብስ ነው። በጄኔራል አልበርቶኔ ብርጌድ ሥር ቀድመው የገቡት እነሱ ናቸው። ከተማረኩት ውስጥ ወደ 800 የሚሆኑት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። በተውኔቱም፣ በሰልፉም፣ በገበያውም ያ ቆብ የለም። ስለዚህ ተመልካቹ የሚያየው ነጭና ጥቁር የተዋጉበትን ጦርነት ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ልብስ ሰፊዎቹን አልጠየቅሁም። ይህን የሚመልሱት እነሱ አይደሉም።

*

ጠመንጃው ከእንጨት ይሠራል። አናጢው የሚሠራው ሞዴል የ1928ቱን ጠመንጃ ይመስላል። በዓድዋ ሠራዊቱ የያዘው ውጅግራ፣ ስናድር፣ ረሚንግተንና ሌላም ነው፤ ከኢጣሊያ በወዳጅነቱ ዘመን የተገኘም ነበረበት። ውጅግራ ረጅም ነው፤ ቆሞ ሲያዝ ከጎልማሳ ሰው ደረት ያልፋል። አናጢው ርዝመቱን ስነግረው ወዲያው እርሳስ አንስቶ ጻፈው። ከዚያ ወዲህ የሚሠራው በዚያ ልክ ነው። እስከዚያ ድረስ የነገረው ሰው አልነበረም።

*

ሀገር ፍቅር ቴአትር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም፣ ጣሊያን ሊመጣ ሲል፣ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ነው። መድረኩ ዛሬም ፒያሳ ነው። በመድረክም በቴሌቪዥንም የማየው አንድ ነገር አለ። የዐሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥም፣ የዐሥራ ስድስተኛውም፣ ቴዎድሮስም፣ ምኒልክም የሚለብሱት አንድ ካባ ነው። ጥቁር ከፋይ፣ የወርቅ ጥልፍ፣ ከትከሻ የሚወርድ። አራት መቶ ዓመት በአንድ ልብስ ይታለፋል።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 እ.ኤ.አ አፄ ልብነ ድንግልን አይቶ የለበሱትን ጽፎልናል። ከወርቅና ከብር የተሠራ ከፍ ያለ አክሊል፣ በእጃቸው የብር መስቀል፣ የግምጃ ካባ፣ እጀ ሰፊ የሐር ቀሚስ። ፊታቸው ላይ ሰማያዊ ሐር ተይዞ ነበር፤ አፋቸውንና ጢማቸውን ይሸፍናል፤ አንዳንዴ ዝቅ ሲያደርጉት ፊታቸው ይታያል። ይህ በአማርኛ ሊነበብ የሚችል፣ ለዳይሬክተር ሁሉ ቅርብ የሆነ መረጃ ነው። ሰማያዊውን ሐር የያዘ ልብነ ድንግል ግን በመድረክ አላየሁም። ስለዚህ ጉዳይ ያነጋገርኩት ተዋናይ መልሱ አጭር ነበር፦ «ፊቴ ካልታየ ምን ሠራሁ?»

*

በአውሮፓ የመካከለኛውን ዘመን ልብስ እየሰፉ የሚለብሱ ሰዎች አሉ። በየበጋው በአሮጌ ምሽጎች አጠገብ ይሰበሰባሉ። መነሻቸው እውነተኛ ልብስ ነው። በ1921 እ.ኤ.አ ግሪንላንድ ውስጥ ሄርዮልፍስነስ በሚባል ቦታ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን ሰፋሪዎች የመቃብር ስፍራ ሲቆፈር በቅዝቃዜው ሳይበሰብሱ የቆዩ የሱፍ ቀሚሶችና ቆቦች ወጡ። የዴንማርክ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን ቁራጭ ለክተው፣ ስፌቱ በየት እንደሚያልፍ ሥለው አሳተሙት። ዛሬ አንድ የጀርመን ልብስ ሰፊ ያን ሥዕል ዘርግቶ ብብቱ ላይ የሚገባውን ባለሦስት ማዕዘን ቁራጭ እንኳ ሳይሳሳት ይቆርጣል። የለበሱት ሰዎች ስማቸው አይታወቅም፤ ገበሬዎች ነበሩ።

*

የኛን በተመለከተ አንዱ ጥሩ ምሳሌ ያለው ለንደን፣ አንድ ሙዚየም ውስጥ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ፤ ሙዚየሙ ጥሩነሽ ብሎ መዝግቧቸዋል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም መቅደላ ስትወድቅ ተወሰደ። እቴጌይቱ በዚያው ዓመት ወደ ባሕር ሲወርዱ በመንገድ ሞቱ። ቀሚሱ የጥጥ ነው፤ ጥልፉ የሐር ነው። አንድ የፒያሳ ወጣት ጠላፊ ፎቶውን በስልኩ አጉልቶ የአንገቱን ጥልፍ ክር በክር ሲቆጥር አይቻለሁ። እየቆጠረ ዝም አለ። ከዚያ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ይሄን እዚህ ማን ያሳየን ነበር?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እዚህ በአንድ ሙዚየም ልብሶቹ መስታወት ውስጥ ናቸው፤ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄም ይገባኛል። ግን ካባው የተሰቀለው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አድርጎ ብቻ ነው። ጀርባው አይታይም። ገበሩ አይታይም። ትከሻው ላይ ስንት ቁራጭ እንደገባ አይታይም። በአደባባዩ ላይ ያሉትን ካባዎች ከኋላ ቆሜ ተመለከትኳቸው። ከፊት ይመሳሰላሉ። ከኋላ አንዱም ከሌላው ጋር አይገጥምም። እያንዳንዱ ልብስ ሰፊ ጀርባውን ገምቶ ሰፍቶታል።

*

የቆዩት የዓድዋ ሥዕሎችም አያግዙም። ሠዓሊዎቹ የኛን ሰው በሙሉ ፊቱ፣ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሥላሉ፤ ጠላትን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ልብሱም እንዲሁ ነው። የኛ ሰው በሙሉ አጊጧል። ሥዕል ለማክበር የሚሣል ነው፤ ለልኬት አይሆንም። ልብስ ሰፊዎቹ ከፎቶግራፍ ይልቅ ሥዕሉን ያምናሉ። ቀለም ስላለው።

*

ድሮ ፈትል የሴት፣ ሽመናና ስፌት የወንድ ሥራ ነበር። አሁን በኮምፒውተር የሚታዘዝ የጥልፍ ማሽን አለ። የአንድን ካባ ጥልፍ ከጠዋት እስከ ምሳ ይጨርሳል። በእጅ የሚጠልፉት አዛውንት ልብስ ሰፊ ማሽኑን አይጠሉትም። አንድ ነገር ብቻ አሳዩኝ። የማሽኑን ካባ ገልብጠው ውስጡን አወጡት፤ ክሩ ጨርቁን አጥብቆ ይዞ ጫፉን አኮማትሮታል። የራሳቸውን ገለበጡ፤ ውስጡም እንደ ውጩ ነው። «ገልብጦ የሚያይ ደንበኛ ግን የለም» አሉ። ቢሆንም በዚያው መንገድ ይጠልፋሉ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

*

ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ ከአዲስ አበባ ተነስተው በእግር ዓድዋ የሄዱ ወጣቶች አሉ፤ መንገዱ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከተጓዦቹ አንዱ ስለ ልብሱ ያጫወተኝ ይህን ነበር። ካባውን ለብሶ ወጣ። ላብ ሲያስቸግረው ቀን ቀን አወለቀው። ከዚያ በቦርሳ ያዘው። ከዚያም ለሚመለስ መኪና ሰጠው። ዓድዋ የደረሰው በሸማ፣ ወገቡን ታጥቆ፣ ዱላ ይዞ ነው። የገበሬውን ልብስ ማንም አልሰፋለትም፤ መንገዱ አለበሰው። ከተመለሰ በኋላ ካባውን መልሶ ደረበ።

*

በ2015 ዓ.ም መንግሥታዊው የዓድዋ በዓል መስቀል አደባባይ ተከበረ። በምኒልክ አደባባይና በጊዮርጊስ ዙሪያ የተሰበሰበው ሕዝብ በአስለቃሽ ጭስ ተበተነ። ልብሱን ለብሶ የመጣው ሰው ሽማግሌና ሕፃን ይዞ ነበር።

*

በየካቲት 2016 ዓ.ም የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ። ትልቅ ሕንጻ ነው፤ ሕዝቡም በብዛት ይጎበኘዋል። ብዙም ሳይቆይ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው የፒያሳ ሰፈርና አካባቢው ፈረሰ። ከፈረሱት ቤቶች ውስጥ የልብስ ሰፊ ቤቶች ነበሩ። አንዱ ልብስ ሰፊ አሁን ከከተማው ዳር ሆኖ ይሰፋል፤ በበዓሉ ሰሞን ካባዎቹን በታክሲ ጭኖ ፒያሳ ያመጣል። በፒያሳ አካባቢ ሠራተኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን የሚያገለግሉ የእጅ ባለሙያዎችን ካሰፈሩበት ጊዜ ነው። ባለሙያው ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ እንዲሆን ተብሎ ነበር።

*

አባቶቻችንን እናከብራለን የሚለው ቃል በዓድዋ ቀን ከሁሉም አፍ ይወጣል፤ ከልብም ነው። የጦር መሪዎቹን ስም፣ ማዕረግና የፈረስ ስም በቃሉ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። የወታደሩ ሱሪ እስከ የት ይደርስ ነበር? ድጉ ስንት ክንድ ነበር? ሸማው ሲዋጉ እንዴት ይታጠቅ ነበር? ሲባል ዝም ይላል። የአባቶቹን ልብስ ለብሶ የወጣ ሰው አለባበሳቸውን አለማወቁ ቀላል ጉድለት ነው ብዬ አላምንም። ከጦሩ አብዛኛው ስሙ አልተጻፈም። የቀረን መታወቂያው የለበሰው ነበር።

*

ቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የአያት ወይም የቅድመ አያት ልብስ ካለ፣ የደጃዝማች ካባም ሆነ የገበሬ እጀ ጠባብ፣ ለበዓል ለብሳችሁ አትውጡበት፤ አትጠቡት። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርጉት። ፊቱንም ጀርባውንም ውስጡንም ፎቶ አንሱት። እጅጌውን፣ ትከሻውን፣ ርዝመቱን በሜትር ለኩ፤ የማን እንደነበረና ከየት እንደመጣ ጻፉ። ከዚያ ቅጂውን ለአንድ ልብስ ሰፊ ስጡት። የገበሬው ከሆነ ቀድማችሁ ስጡት። ሙዚየሞቻችንም ከዓመት አንድ ቀን ለልብስ ሰፊዎች በር ቢከፍቱና የካባውን ጀርባ ቢያሳዩአቸው፣ ለሚመጣው የካቲት 23 ይደርሳል።